የቀኙ በር ወይስ የግራው

አባቴ ስለ ጦርነት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ወታደር እንደነበረ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም የምታነሳው ስትናደድበት ነው። «ያን ያህል ዘመን የመንግሥት መኪና ነድተህ አንዲት ብሎን እንኳ ይዘህ አልገባህ!» ትለዋለች። እሱ ዝም ይላል። ቢቸና የሚያውቀው በወፍጮ ጠጋኝነቱ ነው። ወፍጮ ሲቆም ይጠሩታል፤ ይሄዳል፤ ዱቄት ለብሶ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ያሳክከኛል። ካባቴ አንድ ቃል ለማውጣት ያልሞከርሁት ነገር የለም።

በዚያ ዓመት እኔ ራሴ ደስ የሚል ነገር አልነበረኝም። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ጓደኞቼ መሰናዶ ገቡ፤ እኔ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድንበር የተገፋው፣ መታወቂያ የጠፋበት፣ ባሏን የከሰሰችው፣ ሁሉም እኔ ጋ ሲደርስ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ይጀምራል። የራሴ ጉዳይ ግን ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። ቂጤ ወንበር ላይ አይረጋም። አባይን ተሻግሬ እንኳ አላውቅም፤ ደጀን ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፣ በቃ።

አንድ ቀን ፈቃድ የወጣ የሰፈራችን ልጅ፣ ወታደር ነው፣ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። ማሽኑ እስኪሞቅ ወሬ ያዝን። ከአባይ ማዶ የሚኖርበት ጦር ካምፕ ውስጥ ሙዚየም እንዳለ ነገረኝ። የድሮ ጠመንጃ፣ የድሮ ሬዲዮ፣ የድሮ ካርታ።

«ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድ አሮጌ ኡራል፣ ያ የሩሲያው የጦር መኪና፣ ቆሟል» አለኝ። «በሩን ሲከፍቱት ከውስጥ በኩል ብረቱ ላይ በምስማር ተጭሮ ምን ይላል መሰለሽ? ‹ቢቸና ሞጣ› ይላል። እዚያ ቆሜ እንባዬ መጣ።»

«ወታደር ሆነህ ታለቅሳለህ?»

«አንቺ ካገርሽ ወጥተሽ ስለማታውቂ ነው።»

ይህቺ ነከሰችኝ። ምሳ ላይ ለአባቴ የነገርሁትም ንክሻዬን ላሳይ እንጂ ሌላ አስቤ አልነበረም። «የአንድ ኡራል በር እንኳ አባይን ተሻግሮ ሲኖር እኔ እዚህ ፎቶ ኮፒ ላይ ላረጅ ነው» አልሁ። ምን እንደተጻፈበትም ነገርሁት።

የአባቴ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«የቀኙ በር ነው የግራው?»

«ምኑ?»

«በሩ! የተጻፈበት በር!»

«እኔ ምን አውቄ። አልጠየቅሁትም።»

«እንዴት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የትኛው በር ብሎ አይጠይቅም?»

ተቆጣኝ። ያስተማረኝን ትምህርት ወድቄ ስመጣ ያልተቆጣ ሰው በአንድ በር ተቆጣኝ። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። እናቴን አየኋት። እናቴ መሶቡን እያየች ነበር።

«ምን አደረግሁ?» አልኋት።

«ምንም። የሞተውን ሰውዬ አነሳሽበት።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ችግሩም እሱ ነው» አለችና ቁጭ አለች። ነገሩን ሁሉ የዚያን ቀን ነገረችኝ።

አባቴ ኡራሉን ሲነዳ ረዳቱ የሞጣ ልጅ ነበር፤ ሙስሊም፣ ከሱ በሁለት ዓመት የሚያንስ። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ የአገራቸውን ስምም አብረው በሩ ላይ ጫሩ። ሠራዊቱ በተበተነበት ሰሞን መኪናዋ ሰሜን ላይ ውሃ ጨርሳ ቆመች። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ወረደ። ከባድ መሣሪያ ወንዙ ላይ ወደቀ። አባቴ ሮጦ ሲወርድ ያገኘው በደም የራሰ ፎጣውን ብቻ ነው። ተጣራ፤ መልስ የለም። ሰው ሁሉ ይሸሻል። ፎጣውን ይዞ እሱም ሸሸ።

አገሩ ለመግባት በሞጣ ነው ያለፈ። ማለፍ ብቻ ግን አልቻለም። የረዳቱን ቤት አጠያይቆ፣ መጀመሪያ ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነግሮ፣ እነሱ ዘመድ ሰብስበው ሲነጋጋ መርዶውን ተናገረ። ፎጣውን ለእናትየው ሰጠ። ሦስት ቀን አብሮ ሐዘን ተቀመጠና ወደ ቢቸና መጣ። ሁሉን በወጉ ነው ያደረገ።

«ሰውዬው ቆስሎ ተማርኮ ኑሮ፣ ዓመት አልፎት በእግሩ ሞጣ ገባ» አለች እናቴ። «ሰደቃው ወጥቷል። የታጨችለት ልጅ ለሌላ ተድራ አርግዛለች።»

«ታዲያ አባዬ ሰውዬው በመዳኑ ደስ አላለውም?»

«ደስማ ብሎታል። ከደስታው ብዛት አለቀሰ። ግን መርዶ ያበላሸ ሰው በየትኛው ፊቱ ሂዶ ደስ ብሎኛል ይበል? ይኸው እስከ ዛሬ ሞጣን ረግጧት አያውቅም። ወፍጮ ተሰበረ ብለው ቢጠሩትም አይሄድ።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ መቀመጥ አልችልም። ሮጬ ወታደሩን መናኸሪያ ደረስሁበት። የትኛው በር እንደሆነ አያስታውስም። «በር ደግሞ ይመረጣል እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። የሙዚየሙን ጽሕፈት ቤት ስልክ ግን ሰጠኝ።

ከሱቁ ደወልሁ። አንድ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው አነሳ። «ሲቪል መጎብኘት ይችላል፤ ግን ጦር ካምፕ ነው፤ ዝም ተብሎ አይገባም» አለኝ። ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከነስም ዝርዝር፣ አስቀድሞ በፋክስ ይላካል። ቀን ይሰጠናል። «ከዝርዝሩ አንድ ሰው ቢጎድል ሁላችሁንም ከበር እንመልሳለን» አለ። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት ያዘልኝ። ያኔ ኅዳር ነበር።

ማታውን ለአባቴ ነገርሁት።

«ልሂድ ብዬ ለመንሁሽ?»

«የቀኙ ነው የግራው ያልህ አንተ ነህ።»

ጫማውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። «ብሄድስ ያለሱ ምን አየዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቢቸና የሚለውን እኔ ነኝ የጫርሁት። ሞጣ የሚለው የሱ እጅ ነው።»

እናቴ ከጓዳ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አለች። እኔ ግን ሰማሁት፤ አልሄድም አላለም። ያለሱ አልሄድም ነው ያለው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ጻፍሁ። ደብዳቤ እንደሆነ ሥራዬ ነው። ከሥሩ ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዝምድና። አንደኛ የሞጣውን ሰው፣ ሁለተኛ አባቴን፣ ሦስተኛ ራሴን። ሁለቱም ሰዎች አልተስማሙም፤ ይህ እኔን አላገደኝም። የቀበሌው ጸሐፊ ግን በአውራ ጣቱ አንደኛውን ተራ ተጭኖ ያዘው።

«ይህ ሰው የሞጣ ሰው ነው። በቢቸና ማኅተም እንዴት ይሄዳል? የቤተሰብ ጉዞ ካላችሁት እሺ። ግን ዝምድናው ባዶ ነው።»

«ጓደኛ ብለህ ሙላው።»

«ጓደኛ ዝምድና አይደለም። ጓደኛማ እኔም አለኝ። የመታወቂያ ቁጥሩም የለም። ሞልተሽ ነይ።»

ስለዚህ ሞጣ ሄድሁ። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ሰዓት ቆምን፤ አቧራውን ጠጥቼ ጠጥቼ ስደርስ የወፍጮ ቤት ሰው መስያለሁ። ሰውዬውን ለማግኘት ግን አልተቸገርሁም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። መነጽር አድርጎ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ፣ በሌላው መኪናውን ይረግጣል።

«ቀሚስ ነው ጉርድ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሙዚየም ነው።»

ቀና አለ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

መንገድ ላይ ብዙ የሚያምር ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ግን የራሱን አመጣ። «የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። የእርስዎን ሞት ያረዳው ሰውዬ ልጅ።»

እግሩ መርገጫው ላይ ቆመ። ምላሴን ቆርጠህ ጣልልኝ ብዬ ፈጣሪዬን ለመንሁ። ከዚያ ሰውዬው በሱቁ በር አንገቱን አወጣና ጮኸ።

«ኑ እዩልኝ! የአርጂዬ ልጅ መጣች! ዛሬ ደግሞ የማንን ሞት ይዛ እንደሆነ ጠይቋት!»

ሰው ተሰበሰበ። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ሻይ አመጣልኝ፣ አንዱ «እኔን ግን ለነገ አሳድሪኝ፣ ያልሸጥሁት ሸማ አለ» አለኝ። ሚስቱ ከጓሮ መጥታ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ።

«አባትሽን ሳሚልኝ» አለች። «እሱ መርዶ ባያመጣ ይሄን ሽማግሌ ያቺኛዋ ነበረች የምትወስደው። እኔ ከየት አገኘው ነበር?»

«ሰማሽ?» አለ ባልየው። «ወላሂ ላባትሽ ዱዓ የምታደርግ ሴት ናት።»

ደስ ብሎኝ ወረቀቴን አወጣሁና ስለ ሙዚየሙ፣ ስለ ኡራሉ፣ ስለ በሩ ነገርሁት። ሲሰማ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ሰዉ ሲበተን መቀሱን አስቀመጠ።

«ስሚ ልጄ። መርዶው አልከፋኝም። እኔም ብሆን ያን ፎጣ ባገኝ እንደሱ ነበር የማደርግ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ታነሳው ነበር፤ ‹ያ ልጅ ደክሞት ሳያርፍ አብሮኝ ሐዘን ተቀመጠ› ትል ነበር። የከፋኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ቢቸና ስንት ቀን ነው? ግማሽ ቀን ነው። አለህ ወይ ብሎ አንድ ቀን አልመጣም።»

«አፍሮ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ይፈር። ግን መሞቴን በእግሩ መጥቶ እንደተናገረ፣ መኖሬንም በእግሩ መጥቶ ይይ። ያን ጊዜ እንኳን ካምፕ፣ ግንባርም እሄዳለሁ።» መታወቂያውን አውጥቶ ቁጥሩን አስጻፈኝ። ዝምድና ወደሚለው ስደርስ «እሱን እሱ ሲመጣ» አለ። ልወጣ ስል ጠራኝ። «በሩ የግራው ነው፤ የሾፌሩ በር። ንገሪው።»

ነገርሁት። አባቴ ከነገርሁት ሁሉ ይህቺን ብቻ ያዘ። «የግራው? ዋሽቷል! የቀኙ ነው፤ የረዳቱ በር! እጁ የሚደርሰው የት ነው ታዲያ?» ብሎ ጮኸ። «ሂድና ንገረው» አልሁት። የመፍቻ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ሳይሄድ ኅዳር አለቀ። ታኅሣሥ ገባ። የካምፑ ሰው ደብዳቤው የታለ እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። «ማኅተም ላይ ነው» እላለሁ። አባቴን ያልለመንሁት ልመና የለም። አንድ ማለዳ ቆሜ «ሰው በሕይወት እያለ የማይጠይቅ፣ ሲሞት ለማርዳት የሚሮጥ ምን ዓይነት ጀግና ነው?» አልሁት። እናቴ በጭልፋ እጄን መታችኝ። ልክ ናት። ቃሉ ከወጣ በኋላ እኔም ደነገጥሁ። አባቴ ግን አልተቆጣም። ከገናው ማግስት፣ ልብሱን ቀይሮ፣ የወፍጮ መፍቻ የሚይዝበትን የሸራ ቦርሳ ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ወረቀትሽን ያዢ» አለኝ።

ቦርሳው ከባድ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ሲያነሳው «ኧረ አባት፣ ወፍጮውን ነቅለው ነው የመጡ?» አለ። አባቴ ቀማውና እግሩ ሥር አስቀመጠው። እኔም የሰው ወፍጮ ሊሠራ በዚያው ቀጠሮ ይዟል ብዬ አሰብሁ፤ እንዲያውም በልቤ ተናደድሁበት። የሞጣ ቆርቆሮዎች ሲታዩ ግንባሩን በመስኮቱ ላይ አስደገፈ።

ገበያው ጫፍ ስንደርስ ቆመ። ቦርሳውን ከፈተ። ውስጡ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ ነበር፤ ትልቅ። አነሳና ማጅራቱ ላይ አደረገው።

«አባዬ! ሰው እያየ!»

«ሰው ሊያይ ነው።»

በገበያው መሐል እንደዚያ ሆኖ ሄደ፤ አጎንብሶ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ድንጋዩን ይዞ። በደለኛ እንደዚያ እንደሚያደርግ ሰምቼ አውቃለሁ። በዓይኔ ግን፣ ያውም ያባቴ አንገት ላይ፣ አይቼ አላውቅም። ሻጩ ሁሉ እየተነሳ መንገድ ለቀቀ። እኔ የማፍር መስሎኝ ነበር። ልብስ ሰፊው ቤት ስንደርስ ግን ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

ሰውዬው ከመኪናው አልተነሳም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየው፤ አየው።

«ድንጋዩ ከየት ነው?» አለ።

«ከቢቸና» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ።

«በል ደህና። ከመናኸሪያው አንስተህ ብትሆን የሞጣ ድንጋይ ነውና መልስ እልህ ነበር።»

በአንድ እግሩ እየተጎተተ ተነስቶ ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት አወረደው። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙና አልላቀቅ አሉ። አባቴ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ተጣርቼ ነበር» አለ። «ሦስት ጊዜ ተጣርቻለሁ።»

«ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር እንጂ አውቃለሁ» አለ ሰውዬው። «አንተ ጮሌ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ?»

ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሚቆርጠውን ጨርቅ አስያዘበት። «እንዲህ ያለ ማስያዣ ስፈልግ ነው የኖርሁ» አለ። ሚስቱ ማርና ዳቦ አቀረበች። ሁለቱ ገና አንድ እንኳ ሳይጎርሱ በሩ ላይ ተያያዙ፤ የቀኙ፣ የግራው። እኔ ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ዝምድና የሚለው አልተሞላም። ጓደኛ አይሆንም ብለዋል።»

«ሟችና አርጂ ብለሽ ሙይው» አለ ልብስ ሰፊው።

አባቴ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። «ሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጬበታለሁ» አለ። «ሐዘን የተቀመጠ ሰው ዘመድ ነው።» በዚያ በወፍጮ ዘይት በጠቆረ እጁ፣ በትልልቁ፣ «ወንድም» ብሎ ጻፈ።

የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀቱን ሲያየው የሁለቱን ሰዎች ስም እያነበበ ቅንድቡን አነሳ። «የአባታቸው ስም አይገናኝ፣ ሃይማኖታቸው አይገናኝ፣ ወንድም?»

ሐዘን ተቀምጦበታል አልሁት። ሌላ አልጨመርሁም። ጸሐፊው የቢቸና ሰው ነው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት መታው።

ልብስ ሰፊው ከጉዞው ዋዜማ ቢቸና መጣ፤ ለሦስታችን ትኬት የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ በደጀን አድርገን አባይን ልንሻገር። እናቴ ለእንግዳው ብላ ሥጋ ያልነካ ድስት ከጎረቤት ተውሳ ሽሮ ሠራች። እኔ የመጨረሻ ማረጋገጫ ልሰጥ ለካምፑ ደወልሁ። ያው ቀጭን ድምፅ አነሳ።

«ዝርዝሩ ሙሉ ነው? ሦስታችሁም ትመጣላችሁ?»

«ሙሉ ነው።»

ከኋላዬ አባቴ መሶቡን ይመታል። «የቀኙ! የቀኙ ነው እልሃለሁ!»

«አንተ የሞተና የዳነ ሳትለይ፣ ቀኝና ግራ ልትለይ?»

«ምን ጩኸት ነው እሱ?» አለኝ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው። «ሰው ተጣላ እንዴ?»

«የለም» አልሁት። «ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ናቸው። ነገ ይደርሳሉ።»